ኢንጋ በእርከኑ ላይ

ኢንጋ ከበረዶ አገር የመጣች ወጣት ናት። ዘላቂ ልማትን በሥራ ላይ ተምራ መሪ እንድትሆን ለስድስት ወር ኮንሶ ተላከችና፣ ዕድሏ እርከን ሲክብ ያረጀ አንድ ነገር አዋቂ ገበሬ እጅ ላይ ጣላት።

ወራቱ ሊያልቁ ሲሉ የሥልጠናው ኃላፊ ከከተማ መጣ። ልትቀበለው የወረደችው ኢንጋ «በመንገዱ እንዙር» ብትለው አልሰማትም፤ እርከኑን እየተንጠላጠለ አቋርጦ ወጣና ላቡን ሳይጠርግ ሽማግሌው ላይ አፈጠጠ።

«አባባ፣ እኛ የላክናት አመራር እንድትማር ነው፤ እርስዎ ድንጋይ ሲያሸክሟት ከረሙ። መምራት መቻሏን አሁኑኑ ካላሳዩኝ የምስክር ወረቀት አታገኝም።»

ሽማግሌው ልጅቷን በዓይኑ ፈለጋት። ከታች ጎንበስ ብላለች። በዚያ መንደር የእርከን ድንጋይ ያወረደ ሰው ሳይመልስ አያልፍም፤ እሷም ማንም ሳያዛት የኃላፊው ጫማ የናደውን አንድ በአንድ ትክባለች።

«ጌታዬ» አለ ፈገግ ብሎ፣ «ሲወጡ እርስዎ መሩ፣ እሷ የፈረሰውን እየካበች ተከተለች። መምራቷን ለማየት ሲወርዱ እሷን ያስቀድሟትና ይከተሏት፤ እርከናችንም በዚያው ይተርፍልናል።»