በኮቱ ኪስ የተገኘው ወረቀት

አንድ ሰው ነበረ። ደረቅ ሳል ያዘውና አልለቀው አለ። ሐኪም ቤት ሄዶ ሲቲ ስካን ተነሣ፤ "ሳንባህ ንጹሕ ነው" ተባለ። በሳምንቱ እሑድ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ውጤቱን በእጁ ይዞ በቤተ ክርስቲያናችን መድረክ ላይ ወጣና "እግዚአብሔር ፈወሰኝ" ብሎ መሰከረ። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። ሚስቱ አስካለች በደስታ አለቀሰች።

ሳሉ ግን አልተወውም።

በስድስተኛው ወር ሐኪም ቤቱ አዲስ መሣሪያ አስገባ። ጨረሩ ያው ጨረር ነው። የተለወጠው በሰው አካል ውስጥ አልፎ የሚመጣውን ጨረር የሚቀበለው ክፍል ነው። የድሮው ጥቃቅኑን አደብዝዞ ያልፈዋል፤ አዲሱ ጨረሩን ቅንጣት በቅንጣት ይቆጥራል። ሰውየው እንደገና ተነሣ። ዶክተር ሰናይት ምስሉ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ነገር አሳየችው።

"ጋሼ፣ ያን ጊዜም ሳትኖር አትቀርም፤ መሣሪያችን አላያትም እንጂ። አሁን ትንሽ ናት፣ በቀዶ ጥገና ትወጣለች። ብቻ አይዘግዩ።"

"ልጄ፣ እኔ እኮ በጉባኤ ፊት መስክሬያለሁ!"

"ታዲያ መታከም ምን ነውር አለው?"

ምን ይበላት? ያን ሁሉ እልልታ እንዴት አድርጎ ይመልሰው? ሰውስ ምን ይላል?

ቤት ሲገባ አስካለች "ምን አሉህ?" አለችው።

"ያው ነው፤ ንጹሕ ነህ አሉኝ።"

ወገኖቼ፣ እኛም እኮ አይተነዋል። ኮቱ ሲሰፋው አየን። "ጾም አበዛህ እንዴ?" እያልን ቀለድንበት። አንድ ሰው እንኳ ገለል አድርጎ አልጠየቀውም።

ዓመቱ ሳይሞላ ሞተ። አስካለች በመሰከረበት ልብስ ይቀበር ብላ ኮቱን ስታወጣ፣ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። አነበበችው፤ ዕጢው የታየበት የሁለተኛው ምርመራ ውጤት ነበር። ቀኑን አየች። "ለእኔ እንኳ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?" አለች።

ማን ገደለው? ዕጢው ነው ትሉኛላችሁ። እኔ ግን እልልታችንን እጠረጥራለሁ፤ የመራሁትም እኔ ነበርኩ።

እናንተስ? ከመጠጥ ተላቀቅሁ ብላችሁ ያጨበጨብንላችሁ፣ ተመልሶባችሁ የምትደበቁ የላችሁም? ትዳራችን ተፈወሰ ብላችሁ መስክራችሁ፣ ዛሬ አልጋ የለያችሁ የላችሁም? የእግዚአብሔር ብርሃን፣ እንደዚያ ጨረር፣ ያው የትናንቱ ብርሃን ነው። ዛሬ ያሳያችሁን አጥፋችሁ ኪሳችሁ አትክተቱ! ወጥታችሁ ተናገሩ፤ እኛም እንደዚያን ቀን እልል እንበል።

አሁን ስትወጡ ከጎናችሁ ያለውን ሰው "እንዴት ነህ?" በሉት። "እግዚአብሔር ይመስገን" ሲላችሁ ቶሎ አትልቀቁት። ትንሽ ቁሙ። ሳሉን ስሙት።