በዘጠኝ ወሩ የተሰበረው ዘንግ

አንድ ቀን፣ ከጨው ሐይቅ ውሃ እየሳበ ወደ ማድረቂያው ገንዳ የሚያደርሰው ፓምፕ ዘንጉ ለሁለት ተሰበረ። አምስት ዓመት ያገለግላል ተብሎ የነበረው ዘንግ ከተገጠመ ገና ዘጠኝ ወሩ ነው። ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነር ሰይፈሥላሴ መካኒኩን ጋሽ ይመኑን ቢሮ አስጠሩት። የስንብት ደብዳቤው ተጽፎ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል። ጋሽ ይመኑ ክው አለ፤ ጡረታ ሊወጣ የቀረው ሁለት ዓመት ነው።

ኢንጂነሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ችግራቸው ሁሉን ማወቃቸው ነው።

«ግራሶ ሳትቀባው ቀርተህ ነው» አሉት።

«ኧረ ቀብቻለሁ ኢንጂነር። ዘንጉን የጨረሱት ጨውና አሸዋ ናቸው። ጨዉ ሲያዝገው ዝገቱ እንደ ቅርፊት ይሸፍነዋል። አሸዋው ደግሞ እየፈተገ ቅርፊቱን ያነሳዋል። ያኔ ጨዉ ራቁቱን ያገኘውና እንደ አዲስ ይጀምረዋል።»

«ይሄ ለኔ ይነገራል?» ኢንጂነሩ ከመሳቢያቸው ወረቀት አወጡ። «አንዱን ብረት ጨው ውሃ ውስጥ ነክሬ ዓመት አቆየሁት፤ አንድ ሚሊሜትር በላው። ሌላውን በንጹሕ ውሃና በአሸዋ ዓመት አስፈተግሁት፤ እሱንም አንድ። አንድና አንድ ስንት ነው?»

«ሁለት።»

«ዘንጉ የሚሰበረው አሥር ሚሊሜትር ሲበላ ነው። ስለዚህ አምስት ዓመት። ሂሳብ አይዋሽም ጋሽ ይመኑ፤ የቀረውን የበላው ያንተ ስንፍና ነው።»

ብዕራቸውን አነሱ። ጋሽ ይመኑ ጠረጴዛው ላይ የቆመውን የቤተሰብ ፎቶ አየት አደረገና፣ «ሳይፈርሙ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ።

«ጠይቅ።»

«ወንደላጤ ሳሉ እቤትዎ ስንት ሰው ነበር?»

«እኔው ብቻ፤ አንድ።»

«ባለቤትዎ እትዬ ውድነሽስ ሳያገቡ?»

«እሷም ለብቻዋ ነበረች፤ አንድ።»

«አንድና አንድ?»

«ሁለት ነዋ። ምን ልትል ነው?»

«ዛሬ እቤት ስንት ናችሁ?»

ኢንጂነሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዘጠኝ።»

«እንግዲህ ሂሳቡ ልክ ነው ኢንጂነር። እርስዎ የለኩት ጨዉና አሸዋው ገና ወንደላጤ ሳሉ ነው። ፓምፑ ውስጥ ግን ተጋብተዋል።»

ደብዳቤው ሳይፈረም ቀረ። ከዚያ ወዲህ በመለዋወጫ መጠየቂያው ቅጽ ላይ «የብልሽቱ ምክንያት» በሚለው ቦታ ጋሽ ይመኑ «ጋብቻ» ብሎ ይሞላል፤ ኢንጂነሩም ይፈርሙበታል።