የእትዬ ግራጭት ፔዳልና የነጋድራስ ከርከሮ ክራንቻ

ስሙኝማ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ ሲምል በሚታመንበት ዘመን የሆነ ነው። ባለቤቴ እንደነገረኝ እነግራችኋለሁ፤ እሱ እየሳቀ ስለሚያወራ የዘለለው ነገር ቢኖር አትፍረዱብኝ።

አንዲት አህያ ነበረች፤ እትዬ ግራጭት ይሏታል። ባሏ አያ ቦራ ከነጋድራስ ከርከሮ ሱቅ ብስክሌት ገዝቶላት፣ «በይ እንግዲህ፣ ጀርባሽ ይረፍ» አላት። ከብስክሌቱ ጋር የዋስትና ወረቀት ነበረ። ወረቀቱም፣ «እስከ መስቀል ድረስ በራሱ የተሰበረ ዕቃ በአዲስ ይለወጣል» ይላል።

ቦራ በሐምሌ ሞተ። መስቀል ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ፔዳሉ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። እትዬ ግራጭት እህሏን እንደ ድሮው በጀርባዋ ጭና ወፍጮ ቤት ወረደች። የዳነው ቁስሏ እንደገና ተላጠ። «መስቀል ሳያልፍ ማስለወጥ አለብኝ» አለች። ፔዳሉን በአፏ ይዛ ወደ ሱቁ ሄደች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አላት ከርከሮ።

«ፔዳል ነው፣ ነጋድራስ። ከእርስዎ የተገዛ።»

ፔዳሉም፣ «እንደምን ከረሙ ጌታዬ! ስድስት ወር መደርደሪያዎ ላይ ነበርኩ እኮ። ክራንቻዎን ሳይቀር አውቀዋለሁ» አለ።

ከርከሮ ክው አለ። «ዝም በል! ሰባራ አይመሰክርም። ፔዳል ደግሞ ሁሉም ይመሳሰላል። ሂጂና ብስክሌቱን ይዘሽ ነይ።»

በማግስቱ ብስክሌቱን በጀርባዋ ተሸክማ መጣች። መንገዱ አይቷት በሳቅ ፈነዳ።

«እትዬ፣ ማን ነው ማንን የሚነዳው?»

«ዛሬ ተራው የእሱ ነው» አለችው።

ከርከሮ ብስክሌቱን ዞሮ ዞሮ አየው። ከዚያ ወረቀቱን አየ። «እዚህ ላይ የተጻፈው የቦራ ስም ነው። ቦራ ራሱ ይምጣ።»

«ሞቷል እኮ፣ ነጋድራስ። ቀብሩ ላይ ነበሩ። ንፍሮም በልተዋል።»

«መብላቱን በልቻለሁ። ሥራ ግን ሥራ ነው። እንግዲያው ‹ሞቻለሁና መምጣት አልቻልኩም› ብሎ ይጻፍልኝ።»

እትዬ ግራጭት ወደ መቃብሩ ሄደች። ነገሩን አንድ በአንድ ነገረችው። ጆሮዋን አቁማ እስኪበቃት ጠበቀች። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ ሱቁ በር ላይ ቆመች።

«ጠየቅሁት» አለች።

«ምን አለ?»

«ዝም አለ። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር፣ ዝም ካለ እሺ ማለቱ ነበር።»

ከርከሮ የቦራን ነገር ተወው። ግን ተንኮሉ አላለቀም። መስቀል ሊደርስ ሦስት ቀን ብቻ ቀርቷል። «መልካም። ዋስትናው በራሱ ለተሰበረ ነው። ማንም እንዳልሰበረው በምን አውቃለሁ? አውጫጭኝ ይጠራ!» አለ። በልቡ ደግሞ፣ «እነሱ ሲማማሉ መስቀል ያልፋል» ይላል።

የአውጫጭኝን ወግ ታውቃላችሁ። አገሩ ሁሉ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ ተራ በተራ ይምላል፤ ጥፋተኛው ሳይገኝ ማንም ከክቡ አይወጣም። ከርከሮ አንድ ነገር ረስቶ ነበር፤ ያስጠራውም አብሮ ይቀመጣል።

ዳኛው አባ ኤሊ መሐል ገብተው፣ «ማሉ» አሉ።

ድንጋይ ተነሣ። «ሰብሬው እንደሆነ ድንጋይ ያድርገኝ!»

«ነህ እኮ» አሉት አባ ኤሊ።

ድንጋይ አሰበ፣ አሰበ። «እንግዲያው ጠጠር ያድርገኝ!»

ጭቃ፣ «እኔ መያዝ እንጂ መስበር አላውቅም» ብሎ ማለ። ዶሮም፣ «እንኳን ብረት፣ እንቁላል ሲሰበር አልወድም» ብላ ማለች። የመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለፈ። በሁለተኛው ቀን ከርከሮ ተነሣ።

«እኔ ሱቄን ልክፈት።»

«ጥፋተኛው ተገኘ?» አሉት አባ ኤሊ።

«አልተገኘም።»

«እንግዲያው ቁጭ ይበሉ፣ ነጋድራስ።»

ሦስተኛው ቀን የመስቀል ዋዜማ ነበር። ከርከሮ መቁነጥነጥ ጀመረ። ክራንቻው ያሳክከዋል። ጥርሱን ሳይስል ሦስት ቀን ውሎ አያውቅም። ቀስ እያለ ክቡ መሐል ወደቆመው ብስክሌት ተጠጋ። ዓይኑን ጨፈነ። ያልተሰበረውን ፔዳል በክራንቻው ያዘና፣ ኪርር፣ ኪርር፣ ኪርር!

ክቡ ሁሉ ዞሮ አየው።

«ይህቺ ናት!» ብሎ ጮኸ ሰባራው ፔዳል። «ስድስት ወር በየጠዋቱ ላዬ ላይ የሰማኋት ይህቺን ነው!»

አባ ኤሊ ሰባራውን አነሡና ስብራቱ ላይ ያለውን ቦይ ከከርከሮ ክራንቻ ጋር አስተያዩት። ቢላዋ አፎቱ ውስጥ እንደሚገባ ልክክ አለ።

ከርከሮ ግን ደስ ብሎት ብድግ አለ። «ይኸው! በራሱ አልተሰበረም! የሰበርኩት እኔ ነኝ! ስለዚህ ዋስትናው አይሠራም!»

እትዬ ግራጭት ጆሮዋ ወደቀ። አባ ኤሊ ወረቀቱን በቀስታ አጠፉት።

«እውነትዎን ነው፣ ነጋድራስ። ዋስትናው አይሠራም። ወረቀቱን ይተዉት። በወጋችን የሰበረ ይተካል። ያኛውንም ዛሬ በዓይናችን እያየን ስለሞረዱት ሁለቱንም ይተካሉ። ይህቺ ሴት ብስክሌቱን ተሸክማ መጥታለች፤ እርስዎ ተሸክመው ይመልሱላታል።»

ከርከሮም ሁለት አዲስ ፔዳል አውጥቶ ገጠመ። ብስክሌቱን በጀርባው አዝሎ ከሱቁ እስከ ደጇ እያለከለከ ወጣ። መንገዱም አየውና፣ «ነጋድራስ፣ ተራው የማን ነው?» አለው።

በመስቀል ጠዋት እትዬ ግራጭት ጀርባዋን ነፋስ እያገኘው በብስክሌቷ ወረደች። መቃብሩ አጠገብ ስትደርስ ደወሏን ሦስት ጊዜ አቃጨለች።

«ቦራ፣ ተለወጠልኝ» አለችው።

ቦራም ዝም አለ።

እንግዲህ ሌላውን ለማጉላላት ክብ የሚያስጠራ፣ እሱም ከክቡ ውስጥ እንደሚቀመጥ አይርሳ። እኔ ነግሬያችኋለሁ። እናንተም ለሌላ ስታወሩት፣ እየሳቃችሁ አውሩት።