አሸካሚዋን የከሰሰች ውኃ ቀጂ

አንድ ንጉሥ ከተራራው የሚፈልቀውን ምንጭ በድንጋይ ቦይ አድርጎ እስከ ከተማው ገበያ ድረስ አወረደው። የከተማው ሰው እልል አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃ የፈለገ ሁሉ እዚያው ገበያው ላይ ይቀዳ ጀመር። እልል ያላሉት ውኃ ቀጂዎቹ ብቻ ነበሩ። እነዚህ ሴቶች ከተራራው በእንስራ እያወረዱ ለየቤቱ በመሸጥ የሚኖሩ ነበሩ፤ ቦዩ ሲመጣ እንጀራቸው ተቋረጠ።

ንጉሡ ይህን ሰማ። ክፉ ሰው አልነበረም። “ቦዩን ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ ሥራቸውን ያጠፋሁትም እኔው ነኝ” አለ። ሌላ ሥራ እስኪያገኙ ድረስም ለእያንዳንዷ ውኃ ቀጂ በየሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ቁና ገብስ ከቤተ መንግሥቱ ጎተራ እንዲሰፈርላት አዘዘ።

ትእዛዙ መልካም ነበር። ጎተራው ግን በር ነበረው፤ በሩም ሹም ነበረው።

ሹሙ አታላይ እንዳይበላበት ይፈራ ስለነበር ሥርዓት አወጣ። ሙሉ እንስራ ከመሬት አንስታ ብቻዋን ጀርባዋ ላይ የምታወጣ ሴት የለችም። ሁልጊዜ የምታሸክማት ሌላ ሴት አለች። ሹሙ ይህን ያውቃል። “እህል የምትጠይቅ ሴት አሸካሚዋን ይዛ ትምጣ። ውኃ ቀጂ መሆኗን ያሸከመቻት ትመስክርላት” አለ። ሁለት ሴቶች ተመካክረው እንዳይዋሹም፣ ለሌላዋ የመሰከረች በዚያው ቅዳሜ ለራሷ እንዳትጠይቅ ከለከለ።

በዚያች ከተማ ማንጠግቦሽ እና ደብሪቱ የሚባሉ ሁለት ውኃ ቀጂዎች ነበሩ። አጥራቸው አንድ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ሲቀዱ፣ አንዷ ሌላዋን ስታሸክም ኖረዋል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሲደርስ ማን ትቅደም ተባባሉ።

“አንቺ ቅደሚ” አለች ማንጠግቦሽ። “የምታጠቢ ነሽ። የእኔዎቹማ ቆሎም ቢሆን ይቆረጥማሉ።”

“ኋላ እንዳይቆጭሽ!”

“ወዲያ! አንድ ሳምንት ምን አላት?”

ደብሪቱ ቀደመች። ማንጠግቦሽ መሰከረችላት፤ ደብሪቱም ገብሷን ይዛ ገባች። አንዴ የታወቀች ሴት ከዚያ በኋላ ሹሙ ፊት መቆም አያስፈልጋትም። በጓሮው መስኮት በኩል ሰፋሪው ይሰፍርላታል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የንጉሡ ልጅ ሰርግ ነበርና የሹሙ በር ተዘግቶ ዋለ። የጓሮው መስኮት ግን ክፍት ነበር። በሌላው ቅዳሜ ሹሙ ግብር ሊያስገባ ቆላ ወርዷል ተባለ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰልፉ ረዘመና ማንጠግቦሽ ሳይደርሳት መሸ። በእያንዳንዱ ቅዳሜ የምትሰማው አንድ ቃል ነበር፤ “ለሳምንት ነይ።”

ደብሪቱ ሁልጊዜ ልጇን አዝላ ለምስክርነት ከጎኗ ትሰለፋለች። መጨረሻ ላይ ማንጠግቦሽ ባዶ አቁማዳዋን ስትጠቀልል፣ ደብሪቱ ወደ ጓሮው ዞራ የራሷን ትቀበላለች።

አንድ ቀን ከኋላቸው የተሰለፈች ቀልደኛ ሴት፣ “አንቺ ማንጠግቦሽ፣ ከዚህ በር ጋር ተጋብተሻል እንዴ?” አለቻት።

“ተጋብቼስ ቢሆን ቀለብ ይቆርጥልኝ ነበር!” አለች ማንጠግቦሽ።

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ደብሪቱም ሳቀች። ማንጠግቦሽ የሌሎቹን ሳቅ እዚያው ጥላው ሄደች፤ የደብሪቱን ሳቅ ግን ይዛው ቤቷ ገባች።

ቅናቱ እንዲህ ጀመረ። ድሮ የደብሪቱ ሙቀጫ ይውቀጥ አይውቀጥ ልብ ብላ አታውቅም ነበር። አሁን በአጥሩ በኩል ድም ድም ሲል ደረቷ ላይ የሚወቀጥ ይመስላታል። “እኔ እንድሰማ ብላ ነው እንዲህ የምትደልቀው” ትላለች። የገብስ ቆሎ ሽታ ሲመጣ በሯን ትዘጋለች። የደብሪቱ ሕፃን ጉንጩ ሞላ ብሎ ስታየው፣ “የእኔን ገብስ ጠብቶ ነው” ትላለች። ሰፋሪው ለደብሪቱ ፈገግ ሲል ካየች ሌሊቱን እንቅልፍ የላትም። “ምን ሰጥታው ነው? ለእኔ ለምን አይስቅም?” ከሁሉ በላይ የሚያቃጥላት ግን ቅደሚ ማለቷ ነበር። በዚያች ቀን ያደረገችው ደግነት እንደ ተሰረቀ ንብረት ቆጫት። ደብሪቱ ልቅደም ብላ ያልለመነቻትን ነገር ከእጇ የነጠቀቻት እየመሰላት ሄደ።

ደብሪቱ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ቅል ሙሉ ቆሎ አቀበለቻት።

“እንኪ፣ ይቺን ለልጆቹ።”

“ለማኝ ነኝ እንዴ?”

“ኧረ አንቺዬ! ማን ለማኝ አለሽ?”

“የራሴ ይመጣልኛል። የአንቺን ትርፍራፊ አልፈልግም።”

ደብሪቱ ቅሉን ይዛ ቀስ ብላ ተመለሰች። የማንጠግቦሽ ትንሿ ልጅ የሚሄደውን ቆሎ በዓይኗ ሸኘችው።

ሰኔ ገባ። ክረምት ከመጣ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ተላላኪም የቀን ሠራተኛም የሚፈልግ የለም። በማንጠግቦሽ ቤት የቀረው የማሰሮውን ታች የማይሸፍን ሽምብራ ነበር። በሚመጣው ቅዳሜ ገብሱ ካልተሰፈረላት ለልጆቿ የምታቀርበው አልነበራትም።

በዚያው ሳምንት የሰፈሩ ኮርቻ ሠሪ አረፈ። ሰው ለቅሶ ተቀመጠ። እንደ አገሩ ልማድ ጎረቤት ሁሉ ለቅሶ ቤቱ ውኃ ያመላልሳል፤ ለዚህ ዋጋ የሚጠይቅም የሚቀበልም የለም። ማለዳ ማንጠግቦሽ ቦዩ ዘንድ ስትደርስ ደብሪቱ እንስራዋን ሞልታ ቆማለች።

“ደግ ጊዜ መጣሽ። እስቲ አሸክሚኝ፤ ለቀስተኛው ሳይነሳ ላድርስላቸው።”

ማንጠግቦሽ ጎንበስ ብላ አሸከመቻት። እጇ የለመደውን ሠራ፤ ልቧ ግን አብሮ አላነሳም። ደብሪቱን በዓይኗ ሸኝታ እሷ ወደ ጎተራው ሄደች፤ ምናልባት ሹሙ ቅዳሜ ሳይደርስ ቢያይላት ብላ ነበር።

“ጌታዬ፣ ልጆቼ ተራቡ። ዛሬ ቢያዩልኝ።”

“ለቅዳሜ ነይ ብያለሁ” አላት ሹሙ። “ሥራ ፈትቻለሁ ያለ ሁሉ ሥራ ፈትቷል? እኔ በምን አውቃለሁ?”

ይህ ቃል አንገበገባት። ነገር ግን ሹሙን መቆጣት ፈራች። በፈራችው ላይ ያልወጣው ቁጣ ወዳልፈራችው ዞረ።

“እኔን አላምንሽም ይሉኛል” አለች፤ “ሥራ ያላትን ደብሪቱን ግን ይቀልባሉ!”

“የምን ሥራ አላት?”

“ዛሬ ማለዳ ሙሉ እንስራ ተሸክማ ስትሄድ በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ።”

ሹሙ ሌላ አልጠየቃትም። ማንጠግቦሽ ውሸት አልተናገረችም። ዓይኗ ያየውን ተናገረች፤ ልቧ የሚያውቀውን ግን ዋጠችው።

ቅዳሜ ደረሰ። ደብሪቱ ወደ ጓሮው መስኮት ብትሄድ ሰፋሪው ፊቱን አዞረባት። “እየሠራሽ ስትቀበይ ኖረሻል ተብሏል። ከእንግዲህ አይሰፈርልሽም፤ ቃልሽም እዚህ በር ላይ አይሰማም” አላት። ለማስረዳት ብትሞክር መስኮቱን ዘጋው። ማንጠግቦሽ ከሰልፉ ሆና ይህን አየች፤ ልቧም ሳታዘው ዘለለ። “ነገ እንግዲህ ሙቀጫው ዝም ይላል” አለች በሆዷ።

ደብሪቱ ባዶ አቁማዳዋን ይዛ ተመልሳ ከጎኗ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።

“ማን እንደተናገረብኝ እንጃ” አለች። “ይሁን። የአንቺን እንኳ ዛሬ እንጨርስ።”

ማንጠግቦሽ ዓይኗን ወደ በሩ መለሰች። ተራዋ ደረሰ።

“አሸካሚሽ የታለች?” አለ ሹሙ።

“ይቹት፤ ደብሪቱ።”

“የደብሪቱ ቃል አይሰማም። ሌላ አምጪ።”

“ሌላ የለኝም ጌታዬ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያሸከመችኝ እሷ ብቻ ናት።”

“እና ምን ላድርግሽ? እየሠራች ትቀበላለች ብለሽ የነገርሽኝ አንቺው አይደለሽም?”

ደብሪቱ ዞራ አየቻት። ያዘለችው ልጅ ያለቅስ ነበር።

ቀልደኛዋ ሴት ከኋላ ጠጋ ብላ ማንጠግቦሽን በጆሮዋ፣ “ዝም በይ። እኔ አሸክሜያት ነበር እላለሁ፤ ገብሱን እኩል እንካፈላለን” አለቻት።

ማንጠግቦሽ ለጥቂት ጊዜ አሰበች። ልጆቿ ታወሷት። እሺ ብትል ዛሬ ማታ ቤቷ እህል ይገባል። ከዚያ ግን ክረምቱን ሙሉ ከአጥሩ ማዶ ዝም ያለ ሙቀጫ ሊኖር ነው። እንዲዘጋላት ስትመኘው የኖረችው ድምፅ አሁን ዝምታው አስፈራት።

“ጌታዬ” አለች። “የዚያን ማለዳ ደብሪቱን ማን እንዳሸከማት አልጠየቁኝም።”

“ማን አሸከማት?”

“እኔ ነኝ።”

“ውኃው ወዴት ይሄድ ነበር?”

“ለቅሶ ቤት። ለኮርቻ ሠሪው ሰዎች። ለቅሶ ቤት በዋጋ ውኃ እንደማይገባ እርስዎም ያውቃሉ።”

ሹሙ አጎነበሰ። እሱም ሳይጠይቅ እንደፈረደ ገባው። ቀና ሲል፣ “ደብሪቱ፣ ቃልሽ ተመልሷል። ገብስሽም ይሰፈርልሻል” አለ። “አሁን መስክሪ። ይህችን ሴት አሸክመሻት ታውቂያለሽ?”

ደብሪቱ የልጇን ማዘያ አጠበቀች። አላውቃትም ብትል የሚፈርድባት አልነበረም።

“አሸክሜያታለሁ” አለች በመጨረሻ። “ስንት ጊዜ!”

“እንግዲያው ማንጠግቦሽ ውኃ ቀጂ መሆኗ ታውቋል” አለ ሹሙ። “ነገር ግን በሰው ላይ ግማሽ ነገር የተናገረ፣ መስከረም እስኪጠባ ከዚህ ጎተራ አይሰፈርለትም።”

ማንጠግቦሽ ባዶ አቁማዳዋን ጠቅልላ ቤቷ ገባች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሙቀጫው ከአጥሩ ማዶ ድም ድም ማለት ጀመረ። ልጆቿ ቀና ብለው አዩዋት። ተነስታ ወደ አጥሩ ሄደች።

“ደብሪቱ።”

ሙቀጫው ቆመ። “ምን ፈለግሽ?”

“ያኔ ለማኝ ነኝ እንዴ ብዬሽ ነበር። አሁን ለልጆቼ እየለመንኩሽ ነው።”

ማንጠግቦሽ ደብሪቱ የሄደች መስሏት ልትመለስ ስትል፣ ቅል ሙሉ ገብስ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

“ይሄ የልጆችሽ ነው” አለች ደብሪቱ። “እስከ መስከረም ከእኔ አይለዩም። አንቺን ግን ልቤ ገና አልተቀበለሽም። አታስቸኩዪኝ።”

“አላስቸኩልሽም” አለች ማንጠግቦሽ ቅሉን በሁለት እጇ ተቀብላ። “ወረፋዬን እጠብቃለሁ።”

ማንጠግቦሽን ያስራባት ደብሪቱ አልነበረችም። ያስራባት የጎተራው በር ነበር፤ ሰርግ ሲሆን የሚዘጋው፣ ሹሙ ሲወጣ የሚዘጋው፣ ሰልፉ ሲረዝም የሚዘጋው በር። በሩን ግን ፈራችው። ሁለቱ ሴቶች አብረው ቆመው “ይህ ሥርዓት ይታይልን” ቢሉ ሹሙ ይሰማቸው ነበር ወይስ አይሰማቸውም፣ ማን ያውቃል? አልሞከሩትም። ማንጠግቦሽ ከበሩ ጋር ያላትን ጠብ ይዛ ወደ አጥሩ ሄደች፤ እዚያም ያገኘችው ብቸኛ ምስክሯን ነበር። ቅናት የጎረቤትን ሙቀጫ ዝም ሊያሰኝ ይችል ይሆናል፤ የራስን አቁማዳ ግን አይሞላም። የሚታየውን ብቻ ተናግሮ የሚታወቀውን መዋጥም ከውሸት አይሻልም።

እናንተስ? ዛሬ ቀድሞ ስላገኘ የምትቀኑበት ሰው፣ ነገ ሸክማችሁ ከመሬት አልነሳ ሲል “አሸክመኝ” የምትሉት እሱን ቢሆንስ?