ነዳጅ የማይጠጣው ሞተር

በአንዲት ትንሽ ከተማ ልጆቿን በወፍጮ የምታሳድግ መበለት ነበረች። አንድ ቀን ኢንጂነር ልዑልሰገድ የሚባሉ ባለከረባት ሰው በጨርቅ የተሸፈነ ሣጥን አስጭነው መጡና በአስፈጪዎቿ ፊት፣ «ይህ የፈጠራ ሥራዬ ነው። ነዳጅ አይጠጣ፣ መብራት አይቆጥር፣ ዘላለም ይሠራል። የናፍጣ ሞተርሽን ስጪኝና ውሰጂው» አሏት።

«እስቲ ይግለጡትና ልየው፣ ጋሼ።»

«ምስጢር ነው! ያልተማረ ሰው ምን አይቶ ምን ሊያውቅ? እምቢ ካልሽ ፀረ ልማት ናት ብዬ ለቀበሌ አመለክታለሁ!»

መበለቲቱ ደነገጠች፤ ሞተሩ ከሄደ ልጆቿ ጦማቸውን ማደራቸው ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ፣ አንገቷን እንደ ደፋች፣

«እውነት ነው፣ አልተማርኩም። በሬ ሲለዋወጡ ግን አይቻለሁ። ጭድ ሳይበላ የሚያርስ በሬ ያለው ሰው፣ የኔን ጭድ ጨራሽ ልለውጥ ብሎ ደጄ ድረስ ምን አመጣው?» አለቻቸው።