ድንጋዩ ላይ ያልቆሙት

አንድ ጊዜ በአንድ ተራራ ወገብ ላይ የነበረ መንደር ጠፋ። ያጠፋው ጅብ ነው ይላሉ። ጅብማ ያው ጅብ ነው፤ ያገኘውን ይበላል፣ ያላገኘውን ይፈልጋል። መንደሩ የጠፋው ጎረቤቶቹ አንድ ቀን ከቤታቸው ባለመውጣታቸው ነው።

የአገሩ ገዥ አንበሳ መሬቱን ከፋፍሎት ነበር። ከታች ያለው ሜዳ ለግጦሽ፣ የተራራው ወገብ ለመኖሪያ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ገደል ለማረጃ። ደንቡ አጭር ነበር፦ በሚታደርበት አይታረድም፣ በሚታረድበትም አይታደርም። በመኖሪያው ደም ያፈሰሰ ከአንበሳው መዳፍ አያመልጥም።

በዚህ ደንብ ጅብና አህያ ድንበር ተጋርተው ይኖሩ ነበር። ይህን የሰማ መንገደኛ ሁሉ ይስቃል። አህያው ግን አይስቅም።

አህያው በወጣትነቱ ጨው ጭኖ ቆላና ደጋ ተመላልሷል። ያደረው በሰው ግቢ፣ የታሰረው በሰው ግንድ ነበር። የጀርባው ገጣባ ከዳነ ቆይቷል፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ግን አሁንም ያሳክከዋል። ስለዚያ ዘመን ሲጠይቁት «አለፈ» ይላል፣ ሌላ አይጨምርም። አርጅቶ ጌታው ሲያባርረው አንበሳው በመንደሩ ዳር፣ ወደ ሜዳው በሚወርደው በኩል አንዲት ጠባብ ቦታ ሰጠው። አንድ ግራር አለባት። የድንበሯን ድንጋዮች ከዳገቱ ሥር በአፍንጫው እየገፋ ያመጣቸው ራሱ ነው። በየማዕዘኑ ከከመረ በኋላ ግራሩ ሥር ተኛ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም በዱላ ሳይቀሰቅሰው ነጋ።

በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ አንበሳው መንደሩን ይዞራል። አዲስ ነገር የሚለምን በዚያ ቀን ይለምናል። ጎረቤቶቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው በድንበር ድንጋያቸው ላይ ይቆማሉ። ድንጋዩ ላይ የቆመ ቃሉ ይሰማለታል። ያልቆመ እንደ ተስማማ ይቆጠራል።

ጅብ በዚያ ዓመት የሚለምነው ነገር ነበረው። ቀበሮን ጠርቶ አማከራት።

«እመት ቀበሮ፣ ተቸገርኩ። ከገደሉ ስነሳ አንድ ሙሉ እግር በአፌ ይዣለሁ። ቤቴ ስደርስ ግን አፌ ባዶ ነው።»

«ማን ወሰደው?»

«እሱን ነው ያልደረስኩበት።»

ቀበሮ የሆዱን መወጠር አየች። ከዚያም መላ መታች። ቤትህን ማረጃ አስደርገው፣ ያን ጊዜ ሥጋው እየተነዳ በእግሩ ይመጣልሃል አለችው። የራሱን ቦታ ብቻ እንዳይለምንም መከረችው። «ከድንጋዬ አንስቶ በየአቅጣጫው ተቃዋሚ እስከቆመበት ድንጋይ ድረስ በል» አለችው። ለምክሯ የጠየቀችው ቅልጥሙን ብቻ ነበር።

ጅብ ተጨነቀ። «ጎረቤቶቹስ? እየዞርኩ እሺ በሉኝ ልበላቸው?»

«እንዳትለምናቸው። የተለመነ ያስባል። በየቤቱ ሂድና ጤና ጠይቅ። ከዚያ ‹ነገ ከንጉሡ ጋር ትንሽ ጉዳይ አለኝ፣ እናንተ አትቸገሩ፣ ቤታችሁ ዋሉ› በላቸው። ከጎረቤቱ ጋር ፊት ለፊት መቆም የሚወድ ማን አለ? ደስ ብሏቸው ይቀራሉ።»

ጅብ እንደተባለው አደረገ። የፍየልን ግልገሎች በስማቸው እየጠራ ደህንነታቸውን ጠየቀ። ለበግ ሳል የሚሆን ቅጠል ጠቆመ። ጦጣን ከዛፏ ሥር ቆሞ እጅ ነሳ። አህያው ድንበር ላይ ሲደርስም አንገቱን ሰበር አድርጎ «አያ አህዮ፣ አንተ አትቸገር» አለው።

ይህን ቃል አህያው ያውቀዋል። በወጣትነቱ ሸክም ሊጨምሩበት ሲሉ መጀመሪያ ጀርባውን ይዳብሱት ነበር።

ጅብ ቤቱን ማረጃ ሊያስደርግ መሆኑንም በድንበሩ በኩል ሰምቷልና፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነገ ድንጋያቸው ላይ እንዲቆሙ ሊለምን በየጎረቤቱ ዞረ። ልመና አይሆንለትም፤ እንደምንም ግን ለመነ። ጦጣ ከቅርንጫፏ ላይ ሆና የእሷ ቤት መሬት እንደማይነካ፣ የመሬት ደንብም እንደማይመለከታት ነገረችው። ፍየል ቤቷ ከላይ መሆኑን፣ የአጥንት ሽታ ደግሞ ወደታች እንደሚወርድ አስረዳችው።

«ደግሞስ አያ አህዮ» አለች ፍየል፣ «አልመጣም ማለት እኮ ተስማማሁ ማለት አይደለም።»

«ለአንበሳው ግን ነው» አላት።

በግ ከሁሉም ይልቅ ጨነቀው። ጅብ ገና ዛሬ ጠዋት ስለ ሳሉ ጠይቆታል። እንዲህ ያለውን ጎረቤት በአደባባይ እንዴት ይቃወማል? «ክፉ ቀን አለ፣ ሞት አለ» አለ በግ። «ነገ ማን ይቀብረኛል?»

«እሱ ነዋ፣ በሆዱ» አለው አህያው።

በግ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

በነጋታው አንበሳው መጣ። እሱም አርጅቷል፤ ዳገቱ አድክሞታል። ጅብ ቀበሮ ያስተማረችውን ቃል በቃል ለመነ። አንበሳው ዓይኑን በየድንጋዩ ላይ አዞረ። ከአንዱ በቀር ሁሉም ባዶ ነበሩ።

«ሌሎቹስ?» አለ።

«ሰላም ናቸው፣ ንጉሥ ሆይ» አለች ቀበሮ። «ቅር ያለው የለም።»

አህያው ዱሮ ድምፁን ባሰማ ቁጥር ይመታ ስለነበር መናገር ካቆመ ብዙ ዘመኑ ነው።

«እኔ ቅር ብሎኛል» አለ። «እዚህ ነው የምተኛው።»

አንበሳው ጥቂት አየው። «ሰምቻለሁ። የአንተ ቦታ መኖሪያ ሆኖ ይቀራል። ሌላው ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ማረጃ ነው።»

«ስለ ፍየልም ልናገር፣ ስለ በግም።»

«በፍየል ድንጋይ ላይ ፍየል ራሷ መቆም ነበረባት» አለ አንበሳው። ይህን ብሎ ዳገቱን ወረደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም አይደለም። በሚታረድበት አይታደርምና ጎረቤቶቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲለቁ ተነገራቸው። ፍየል ማንም አልጠየቀኝም ብላ አለቀሰች። ጦጣ ዛፏ የበቀለው መሬት ላይ መሆኑን ያን ቀን አወቀች። ሦስቱም፣ ፍየልም ከነግልገሎቿ፣ አህያው ዘንድ መጡ። ግራሩ ሥር ተጠጋጉ፣ ቦታው ሲጠብ እሱ ቆሞ አደረ። የአገሩ ጅብ ሁሉ ሌሊቱን ከድንጋዮቹ ማዶ ሲያገሳና አጥንት ሲቆረጥም ነጋ።

ጠዋት ሌላ አገር ፍለጋ ተነሱ። አህያው በሜዳው በኩል ያለውን መንገድ አሳያቸው። ፍየልና ጦጣ ሄዱ። በግ ግን ጥቂት እንደተራመደ ቆመ። ጎረቤቱን ሳይሰናበት መሄድ ነውር ሆነበት። «ደርሼ መጣሁ» ብሎ በማረጃው በኩል ወደ ጅብ ቤት ተመለሰ።

አልመጣም። በማረጃ ማረድ ደንብ ነው።

ያን ዕለት ጅብ እስኪበቃው በልቶ ደጁ ላይ ተጋደመ። ይህን የሰማ አንበሳ መልእክተኛ ላከበት፦ ተነስ፣ በሚታረድበት አይታደርም። ጅብ ቤቴ ነው ብሎ ቢሟገት የሚሰማው አጣ። ወደ ቀበሮ ሮጠ። ቀበሮ ቅልጥሟን ሰብስባ ልትሄድ ነበር።

«ስለ መብላት አማከርከኝ» አለችው። «ስለ መኝታ መች ጠየቅከኝ?»

ዝናብ መጣል ጀመረ። በተራራው ወገብ ላይ መኖሪያ የሚባል አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል። ጅብ እየተጎተተ ከአህያው ድንጋይ አጠገብ መጥቶ ቆመ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይሄኛው የለመነው በሚያውቁት አገር ነው።

«አያ አህዮ፣ ጎረቤት አይደለን?»

«ነበርን።»

«ጥግ ብቻ ስጠኝ። በመኖሪያ ደም እንደማላፈስ ደንቡን ታውቃለህ።»

«ደንቡን አውቃለሁ» አለ አህያው። «በግ ሊሰናበትህ መጥቶ ነበር። አገኘኸው?»

ጅብ ወደ ሆዱ ተመለከተ። ዝናቡ እየመታው ወንዙን ተሻግሮ በገደሉ በኩል መኝታ ፍለጋ ሄደ። አህያውም ጀርባውን በግራሩ ግንድ አሻሸ፤ ገጣባው አሳክኮት ነበር።

ዓመቱ ዞሮ አንበሳው ዳገቱን ወጣ። ቤቶቹ ፈርሰዋል፣ በየቦታው አጥንት ነጥቷል። በየድንጋዩ ላይ ዓይኑን አዞረ።

«ሌሎቹስ?» አለ እንደ ልማዱ።

«የሉም» አለ አህያው።

በመንደሩ የቀረው እሱ ብቻ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ጎረቤቴ እንዳይቀየመኝ ብሎ ድንበሩ ላይ ሳይቆም የቀረ፣ ኋላ ድንበሩንም ጎረቤቱንም እንደሚያጣ ነው።