በአንድ ወገን የተሳለ መጥረቢያ

የእጅ ጽሕፈቴ ስለማያምር፣ ፊደልም ስለምገድፍ ይቅርታ አድርጉልኝ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ነው።

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ ሳይሆን ባለፈው ወር፣ ሦስቱ አጎቶቼ የጓሮውን አሮጌ ካብ ሲያፈርሱ ዛቢያው የወለቀ፣ ዝገት የበላው መጥረቢያ አገኙ።

ትልቁ፣ ጋሼ አላምረው፣ ስለቱ የተሸረፈበትን ቦታ ሟቹ አያቴ በጠረበው ሙቀጫ ላይ ካለው ጭረት ጋር አጋጠመው። ልክክ አለ። «የአባባ ነው» አለ።

መካከለኛው፣ ጋሼ ደርሰህ፣ «እሳት ካየ ጥንካሬው ይሞታል» ብሎ ለአንጥረኛ አልሰጠውም። አምስት ቀን በውሃና በድንጋይ ሳለው። በአንድ ወገን ብቻ የተሳለ ሆኖ ስላገኘው እንደነበረ ተወው። መዳፉ ተልጦ መጉረስ እስኪያቅተው ደረሰ።

ትንሹ፣ ጋሼ ፈንታው፣ ለሠርጉ አልጋ ያደረቀውን ወይራ ቆርጦ ዛቢያ አበጀለት።

ከዚያ ጠቡ መጣ።

«እኔ ባላውቀው ለቁራሌው በጆግ ትለውጡት ነበር።»

«ዝገቱን በዓይንህ ነው ያራገፍከው፣ ጋሼ?»

«ያለ ዛቢያ በምን ልትይዙት ነው፣ በጥርሳችሁ?»

ማንም አልሳቀም። ጋሼ ደርሰህ ብረቱን ጨበጠ፤ ጋሼ ፈንታው ዛቢያውን። ሴት አያቴ፣ እማማ፣ መሃል ገባች።

«ይህን ግንድ አስተካክሎ የጠረበ ይውሰደው» አለች ጓሮ የተጋደመ ግንድ እያሳየች። «አባታችሁ ሲሠራ ሰው አያስጠጋም ነበር፤ አያያዙን እኔም አላውቅም።»

ሦስቱም ሞከሩ። መጥረቢያው እየሾለከ እንጨቱን ቦጫጨቀው። በመጨረሻ የጋሼ ፈንታውን ሱሪ ቀደደ፤ እግሩን ለጥቂት ሳተው።

«በቃ» አለ ጋሼ አላምረው። «ቅዳሜ አንጥረኛው እሳት ከትቶ በሁለቱም ወገን ስለት ያውጣለት። ከዚያ ዕጣ እንጥላለን።» ጋሼ ደርሰህ የተላጠ መዳፉን አየ።

ለማንም ያልነገርኩት ይህ ነው። ትናንት ሁሉም ለጎረቤት ቀብር ሲሄዱ መጥረቢያውን በግራ እጄ አነሣሁት። ፍቅፋቂው እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ተነሣ፤ ግንዱ ለሰለሰ። ግራኝ ነኝ። በግራ እንዳልበላ እማማ፣ በግራ እንዳልጽፍ መምህሬ እጄን ያስሩት ነበር። ይህንንም የምጽፈው በማይታዘዝልኝ ቀኜ ነው። አባባ ሰው የማያስጠጋው ለምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። የጠረብኩትን ወገን ወደ መሬት ገልብጬ ገባሁ።

ነገ ቅዳሜ ነው። ለይቶ ላወቀው፣ ለሳለው፣ ዛቢያ ላበጀለት ወይስ ለምትጠርብበት፤ መጥረቢያው ለማን ይገባል?